የቡ ዳገት ላይ የቆመችው ኦፔል

ለጅማና ለአካባቢዋ ሰፊ ሕዝብ በሙሉ በአክብሮት ይገለጻል፤ በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ የቡና ለቀማው ዘመቻ በተጋጋለበት ወቅት፣ ማለዳ ላይ፣ የቡ ከመደረሱ በፊት ባለው ዳገት አንዲት መኪና ቆመች።

መኪና መቆሙ አዲስ ነገር አይደለም። ከጅማ አጋሮ በሚወስደው መንገድ አንዱ ጎማው ተንፍሶ ይቆማል፣ አንዱ ውሃው ፈልቶ ይቆማል፣ አንዱ ምንም ሳይሆን ሾፌሩ ሙዝ ሊገዛ ይቆማል። ይህችኛዋ ግን ስትቆም የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ጓድ ነጋሳን ከኋላ ወንበሯ ይዛ ነበር። ስለዚህ ቆመች አልተባለም። እንድትቆም ተደረገች ተባለ።

ጓድ ነጋሳ ወደ አጋሮ ይጓዙ የነበረው ቀይ ሰንደቅ ሊቀበሉ ነው። ቀበሌያችን በቡና ለቀማ አንደኛ ወጥቶ ነበር። ባለ ሰንደቁ በሰዓቱ ስላልተገኘ ግን ሰንደቁ ሁለተኛ ለወጣው፣ ከወንዝ ማዶ ላለው ቀበሌ ተሰጠ። የወንዝ ማዶ ሰዎች በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ ሰንደቁን እያውለበለቡ ሲመለሱ በቆመችው መኪና አጠገብ አለፉ። ሲያልፉ ሆን ብለው ፍጥነት ቀንሰዋል የሚሉም አሉ።

መኪናዋ ኦፔል ናት፤ ጥቁር፣ ጉንጨ ሙሉ፣ በጃንሆይ ዘመን በቡና ገንዘብ የተገዛች። ባለቤቷ የቡና ነጋዴው አባቦራ ነበር። እሱ ሞቶ ቤቱና መኪናው ሲወረስ፣ ሾፌሩ ቲጃኒም እንደ መለዋወጫ አብሯት ተወረሰ። ጅማ ለመቀመጫ በርጩማ፣ ለዓለም ቡና፣ ለዓይን ደግሞ ይህችን ኦፔል አላት ይባል ነበር። ይባል የነበረው በቀበሌያችን ነው።

መርማሪው መቶ አለቃ አብተው በላንድሮቨር ሲደርስ አራቱም ጎማ ይጨስ ነበር። አካባቢው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸታል። አብተው ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ምርመራ ሳይንስ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ ይህንንም ላልጠየቀው ጭምር ይነግራል። በወጣትነቱ ለፖሊስ ቡድን በረኛ ሆኖ ሲጫወት የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ተሰብራ ወደ ውጭ ታጥፋ ቀርታለች። ሰላምታ ሲሰጥ ሌሎቹ ጣቶቹ ወደ ግንባሩ ሲያዩ እሷ ብቻዋን ወደ አጋሮ ታያለች።

ጓድ ነጋሳ ከዋንዛ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ካኪ ቆባቸውን ግጥም አድርገው፣ በቀለበታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ነበር። ዝንቦች ከሰው ሁሉ እሳቸውን መርጠው ቆባቸውን ይዞራሉ። ላንድሮቨሩ ኦፔሏን በገመድ ጎተተ፤ ገመዱ ተበጠሰ፣ ኦፔሏ ንቅንቅ አላለችም። ሽማግሌው ቲጃኒ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ የሞተሩን ክዳን በጀርባው ተደግፎ ቆሟል።

«ኮፈኑን ይክፈቱት፣ ጋሽ ቲጃኒ።»

«አልከፍትም።»

«ለምን?»

«ሰው አለ።»

አብተው ይህን መልስ በአእምሮው አስቀመጠ። ከዚያ ሌላ የሚያስቀምጠው ነገር አላገኘም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ቢያንስ ከመንገድ ትውጣ ብሎ መንገደኛውን ሰብስቦ አስገፋ። ሰዎቹ ትከሻቸውን አስደግፈው አንድ፣ ሁለት ብለው ሲገፏት፣ ማለዳ ገመድ የበጠሰችው መኪና እንደ ሕፃን ጋሪ ሄደች። ገፊዎቹ ሁሉ በአፍንጫቸው ተደፉ።

ጓድ ነጋሳ ይህ ራሱ ማስረጃ ነው አሉ። ሾፌሩ ሲያሻው ያስራታል፣ ሲያሻው ይፈታታል፤ ይህ ሰንደቅ ለማሳጣት የታቀደ አሻጥር ነው። ሁለተኛው ሰንደቅ በታኅሣሥ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ሌላ አሻጥረኛ ካልተገኘ ሽማግሌው ወደ ላይ ይላካል። በዚያ ዘመን ወደ ላይ የተላከ ሰው ወደ ታች እንደማይመለስ ሕፃንም ያውቅ ነበር።

*

ቲጃኒ በማረፊያ ቤት ሲጠየቅ የጠየቁትን ሁሉ በኩራት መለሰ። ሠላሳ ዓመት ነድቷል፣ ሰው ገጭቶ አያውቅም፣ ዶሮም ቢሆን። ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት የፍሬኑን ዘይት ራሱ ሞልቶ፣ መኪናዋን አባቦራ ግቢ፣ ዛሬ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በሆነው ውስጥ አሳድሯታል። ከዚያስ የት ሄዱ ሲባል መስጊድ ሄድኩ፣ ኢሻ ሰገድኩ አለ።

የመስጊዱ ሙአዚን ግን ጨዋ ሰው ነበርና መዋሸት አልቻለም። ሌሎቹ ሲሰግዱ ቲጃኒ አልነበረም፤ ይህም በብዙ ዓመት የመጀመሪያው አይደለም፤ በወር አንዴ እንዲህ ይጠፋል።

አብተው ይህንን ወደ ሽማግሌው መልሶ አመጣ። ቲጃኒ ግድግዳውን አየ።

«ታዲያ የት ነበሩ?»

«እሱን ተወው፣ ልጄ። ፍሬኗን ጠይቃት።»

አብተው ሳይንስ ነውና ፍሬኗን ጠየቀ። ለመጠየቂያ የሚሆን አስተርጓሚም አገኘ፤ ዓለምብርሃን ይባላል፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ በከተማው ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የመካኒክነት አስተማሪ። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ ጠመኔ ከኪሱ ሳያወጣ መጣ። ኦፔሏ በፖሊስ ጣቢያው ግቢ ቆማለች። ቲጃኒም ከማረፊያ ቤት ወጥቶ በሩቁ እንዲያይ ተፈቀደለት፤ ለማየት ብቻ የተፈቀደለት ሰው ግን አፉም ተፈቶለት ነበር።

ጥፋቱ የእጅ ፍሬኑ ነው አለ ቲጃኒ፤ ገመዱ ዝጓል፣ ከድሮም እጠረጥረው ነበር። ዓለምብርሃን በክሪክ አንስቶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አዞረና ፈገግ አለ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላዎቹን ብቻ ነው፤ የቡ ላይ የጨሱት ግን አራቱም ናቸው። አንድ ጎማ ቢሆን ኖሮ እዚያው ጎማው ላይ እንፈልግ ነበር። አራቱም አንድ ላይ ከታሰሩ ያሰራቸው አንድ ነው፤ እሱም ፖምፓው። ፖምፓው ማለት ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ አራቱም ጎማ የሚገፋ፣ ሲለቀቅ መልሶ የሚውጥ እቃ ነው። የገፋውን መልሶ ያልዋጠ ፖምፓ መኪናን እንደ በሬ ያጠምዳል።

ሲናገር ደስ ይል ነበር። አብተው ግን ይመለከት የነበረው ከፔዳሉ ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ዘንግ ነው። ብሎኑ ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት ያበራል።

«ይህንን በቅርቡ የነካ ሰው አለ» አለ።

ቲጃኒ እኔ አይደለሁም አለ። ዓለምብርሃን መፍቻውን ወደ ጋዋኑ ኪስ ከተተ። 

«መምህር፣ መፍቻዎን ያምጡት እስቲ።»

መፍቻው ጭረቱ ላይ ልክ ተቀመጠ። ዓለምብርሃን ጆሮው ቀላ። ነገሩ እንዲህ ነው አለ፤ ጓድ ነጋሳ ፔዳሉ ወደ ታች ይሄዳል፣ ለጉዞው ይጠንክርልኝ ብለው ከዋዜማው በፊት ጠየቁት። ሽማግሌው መኪናዋን ሰው ሲነካበት ስለሚቆጣ፣ ቲጃኒ ለምሳ ሲሄድ ጠብቆ ዘንጉን አጠበቀው። ምናልባት ትንሽ አብዝቶት ይሆናል። ዘንጉ ከጠበቀ ፖምፓው ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ፍሬኑ እንደ ተረገጠ ይቀራል። «ሼም ነው፣ መቶ አለቃ። ለተማሪዎቼ የማስተምረው ይህንኑ ነው።»

ቲጃኒ ይህን ሲሰማ ወገቡን ይዞ ቀና አለ። የወጣበት የእስር ቤት በር ያኔ በጣም አጭር መሰለ።

ዘንጉ ላላ። ቀትር ላይ ኦፔሏን በግቢው ዙሪያ ነዷት፤ ስትረገጥ ቆመች፣ ስትለቀቅ ሄደች። ዓለምብርሃን ጥፋቱን በራሱ አግኝቶ በራሱ ስላረመ፣ ከጥፋተኝነቱ ይልቅ ሊቅነቱ ታየው። አብተውም ምርመራው አለቀ ብሎ ለጓድ ነጋሳ መልእክት ላከ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጉም ገና ከአወቱ ወንዝ ላይ ሳይነሳ፣ ኦፔሏን ሊመልሷት አስነሱ። ግቢው በር ላይ ፍሬን ተረገጠ። በዚያው ቀረች።

በሩ የተዘጋባት የጣቢያው ላንድሮቨር እስከ ቀትር መውጣት አልቻለችም። ቀትር ላይ ኦፔሏ ማንም ሳይነካት ፈቀቅ አለች።

*

የጓድ ነጋሳ መልስ አጭር ነበር፤ ታኅሣሥ እየደረሰ ነው። አብተው ወደ ሌላኛው ክር ተመለሰ፤ ሽማግሌው በወር አንዴ የሚጠፋበት ቦታ የት ነው? የቀበሌው ዘበኛ ትንሽ አፍሮ ነገረው። ቲጃኒን በዚያች ምሽት ከወርቂቱ ቤት ሲወጣ አይቶታል።

ወርቂቱ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ጓሮዋ ውስጥ አረቄ የምታወጣ፣ ክንዷ የወፈረ፣ ሳቅ የማይጠፋት ሴት ናት። ፖሊስ ስታይ ሳቋን ለጊዜው አስቀመጠችው።

«ቲጃኒ አንቺ ጋ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«ይጠጣል?»

«ማን፣ ቲጃኒ?» ሳቋ ተመለሰ። ጠርሙሱን እንኳ በመሐረብ ነው የሚይዘው አለች። አረቄ ብሎ አይጠራትም፤ ያቺን ነገር ስጪኝ ይላል። ተራውን አይወስድም፤ ዳግሙን፣ ሁለተኛ የወጣውን፣ እሳት የሚይዘውን ነው የሚፈልገው። ክብሪት ጭራ ካላሳየችው አይቀበልም። ከተቀበለ በኋላ ፊቱን አዙሮ፣ እንደ ሌባ ይሄዳል።

አብተው አመስግኖ ወጣ። ወርቂቱ ከኋላው ጠራችው።

«እሱን ሰው ወደ ላይ ከሰደዳችሁት ያገር ሰው አይደላችሁም፤ ማሎ፣ እባክህን።»

ቲጃኒ የወርቂቱን ስም ሲሰማ አረጀ። ከዚያ በፊት ያላረጀ ነበር የሚመስለው። ለረጅም ጊዜ ዶቃ መቁጠሪያውን አንከባለለ።

«አሻጥረኛ ተብዬ ልሙት» አለ በመጨረሻ። «መስጊድ በር ላይ ግን ጠጪ ተብዬ አልቀበርም። ልጆች አሉኝ።»

«ማን ጠጪ አለዎት? ማን ነው የሚጠጣው?»

«እሷ።»

መኪናዋን ማለቱ ነበር። የፍሬን ዘይት ከከተማው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሌላው ሾፌር የሞተር ዘይት ይጨምራል፤ ያ ደግሞ በፖምፓው ውስጥ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች፣ ጎሚኒ የሚባሉትን፣ አሳብጦ ይገድላቸዋል። ቲጃኒ ግን ከአንድ ጣሊያናዊ መካኒክ በወጣትነቱ የሰማውን አልረሳም። የጉሎ ዘይት ይጨምቃል፣ ዳግም አረቄ ይቀላቅልበታል። ጉሎው ያለሰልሳል፣ አረቄው ያቀጥናል፤ ቅዝቃዜ አይፈራም፣ ጎሚኒ አይነካም። እንዲህ ሲል ድምፁ ወፍሮ፣ እስረኛነቱን ረስቶ፣ መጠኑን ሊነግረው ጀምሮ አቆመ። መጠኑ የእሱ ነው።

የቡ ላይ ኮፈኑን ያልከፈተው ለዚህ ነበር። ክዳኑ ሲነሳ አረቄው ይሸታል፤ ጓድ ነጋሳ አጠገብ፣ የወንዝ ማዶ ሰዎች እያለፉ።

አብተው ተነስቶ ቆሞ፣ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። አንድ ነገር ገብቶት ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ የፖምፓውን የዘይት ክዳን የከፈተ ሰው የለም። ዓለምብርሃን ዘይቱስ ብሎ ሲጠይቅ ቲጃኒ እኔ ሞልቻለሁ፣ ማንም እንዳይነካት ብሎ ከሩቁ ከልክሎታል። ሦስት ወንዶች ቀኑን ሙሉ ስለ ፖምፓው ሲያወሩ የፖምፓውን ውስጥ ያየ የለም።

«ጋሽ ቲጃኒ፣ ጉሎ በብርድ ይረጋል?»

«አይረጋም።»

«አረቄስ?»

«አረቄ የሚረጋበት አገር ሰው አይኖርም።»

«እንግዲያው ጠዋት የሚረጋ፣ ቀትር የሚቀልጥ ሌላ ነገር ገብቷል።»

*

በነጋታው ማለዳ ሦስቱም ኦፔሏ አጠገብ ቆሙ። ፔዳሉ ተረገጠ፤ አራቱም ጎማ ታሰረ። ዓለምብርሃን ከፖምፓው የሚወጣውን ቀጭን ቧንቧ በመፍቻ ትንሽ አላላ። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ጋዋኑ ላይ ተረጨ፤ ጎማዎቹ በዚያው ቅጽበት ተፈቱ። ስለዚህ ግፊቱ ታፍኖ የነበረው ፖምፓው ውስጥ ነው። ዘይቱ የሚመለስባት፣ የመርፌ ዓይን የምታክል ቀዳዳ፣ ተደፍናለች።

«አሁን ክዳኗን» አለ አብተው።

ቲጃኒ ቢስሚላህ ብሎ ፈታት። አረቄ ይሸታል ብለው ሁሉም አፍንጫቸውን አዘጋጅተው ነበር።

ሙሽራ ሸተተ።

ሌላ ነገር ነው ማለት አይቻልም። አሪቲ፣ ለጋ ቅቤ፣ የተሠራ ጸጉር፣ የሠርግ ማለዳ። በክዳኗ ሥር፣ ዘይት መታየት በነበረበት ቦታ፣ ቢጫ የረጋ ቅቤ እስከ አፏ ሞልቶ ተቀምጧል። ዓለምብርሃን በጠመኔው ጫፍ ነካው፤ ጠመኔው ቆመ።

«ቅቤ ነው» አለ። ከኮሌጁ መጻሕፍት አንዱም ለዚህ አላዘጋጀውም።

አብተው ግን ያየው የቲጃኒን ፊት ነው። ሽማግሌው ንጹሕነቱ በቢጫ ተጽፎ ዓይኑ ፊት ተቀምጦ ደስ አላለውም። ጎንበስ ብሎ አሸተተና ቀስ ብሎ ክዳኗን መለሰ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አደረጉ?»

«ያደረግሁት ምንም ይሁን፣ ወላሂ እኔ ነኝ።»

በአረቄ ጠርሙስ የተነሳ ሕይወቱን ሊሰጥ ዝግጁ የነበረ ሰው፣ አሁን በቅቤ የተነሳ በውሸት ሊምል ነው። አብተው ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገም። ቲጃኒ ቅቤውን አሸትቶ አውቆታል፤ የቅቤውን ባለቤትም ከራሱ በላይ ያከብራታል። እንዲህ ያለች ሴት በከተማው አንድ ብቻ ናት።

*

የሟቹ አባቦራ ሚስት እማማ ባህሪያ የምትኖረው በራሷ ግቢ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ትልቁ ቤት ጽሕፈት ቤት ሆኗል። ሳሎኗ ውስጥ ስብሰባ ሲረዝም ጀርባ ሆና ትሰማለች፤ ቤቱ ከተወረሰ ወዲህ ያልተካፈለችበት ስብሰባ የለም። አንዲት ላም ቀርታላታለች። አብተው በርጩማ ተሰጠው፤ ከተቀመጠ በኋላ ከእሷ ዝቅ ማለቱን አወቀ።

«ቅቤው የእርስዎ ነው?»

«የላሜ ነው።»

«መኪናዋ ውስጥ የጨመሩትስ?»

«እኔ።» እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አባቦራ በነበረበት ጊዜ ኦፔሏ የዓመቱን የመጀመሪያ ቡና ልታመጣ ስትወጣ ግንባሯን ቀብታ ነበር የምትሸኛት፤ እንደ ሙሽራ፣ እንደ መንገደኛ። አንድም ዓመት መንገድ ላይ ቀርታ አታውቅም። ከተወረሰች በኋላ ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው ተባለ፤ እሷም ተወች። ዘንድሮ ግን አንድ ሰው በምሽት መጥቶ ለመናት። ሰንደቁ እንዳያመልጥ ቀቢልኝ፣ ግን ሰው እንዳያይ ላይዋን ሳይሆን ውስጧን ይሁን አለ።

«ኮፈኗን ከፈተልኝ። ውስጧ ሁሉ ብረት ነው። አንዲት ትንሽ ክዳን አየሁ፤ ባነሳት ከሥሯ ርጥብ ናት፤ እንደ ሕፃን እርግብግቢት። እርግብግቢት ላይ ምን ይደረጋል፣ አንተ ልጄ? እናትህ ምን ታደርግልህ ነበር?»

«ቅቤ» አለ አብተው፤ ሳይንስን ለአንድ አፍታ ረስቶ።

«እህ። እኔም አንጥሬ ሳይሆን አሙቄ፣ እስክትጠግብ አጠጣኋት።»

«ሰውዬው ማን ነው?»

እማማ ባህሪያ ወደ ትልቁ ቤት አየች። ከመስኮቱ የስብሰባ ድምፅ ይመጣል።

«የፈራ ሰው ስሙ አይጠራም» አለች። «ወደ ላይ የምትልከው ካጣህ እኔን ላከኝ። ቲጃኒን ግን ልቀቀው። የቡ ላይ የቆመችው እኔ ስላጠገብኳት ነው።»

አብተው ሲወጣ የቡ ላይ ያያቸው ዝንቦች ትዝ አሉት።

*

ጓድ ነጋሳን ብቻቸውን ያገኛቸው ስብሰባው ሲበተን ነው። የስብሰባው ርዕስ ጎጂ ልማዶችን ስለ ማስወገድ ነበር። አብተው በሩን ዘጋ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቆብዎን ያውልቁልኝ።»

«ለምን ሲባል?»

«ምርመራ ነው።»

ጓድ ነጋሳ ቀለበታቸውን አዞሩ፣ ወደ መስኮቱ አዩ፣ በመጨረሻ አወለቁ። የካኪው ዙሪያ ከውስጥ ጠቁሯል፤ አንድ ጊዜ የተቀባ ቅቤ ከቆብ እንደማይወጣ ሚስት ያለው ሁሉ ያውቃል። ክፍሉ አሪቲ ሸተተ። እማማ ባህሪያ በዚያች ምሽት መኪናዋን ብቻ አልነበረም የቀባችው።

አብተው ነገሩን ረጋ ብሎ አስቀመጠላቸው። ሁለት ነገር አለ አላቸው። የመጀመሪያው፣ አሻጥረኛ አለ፤ ካለ ደግሞ ግቢውን ከፍቶ፣ ኮፈኑን አንስቶ፣ ውስጧ ይሁን ብሎ ያዘዘው ሰው ነው፤ ወደ ላይም የሚላከው እሱ ነው። ሁለተኛው፣ አሻጥረኛ የለም። የኅዳር ጠዋት ይበርዳል፣ ቅባት ነገር በብርድ ይረጋል።

ጓድ ነጋሳ ቆባቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። ያለ ቆብ ሲታዩ የአንድ ገበሬ ልጅ ይመስሉ ነበር፤ ናቸውም።

«ያን ሰንደቅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለራሴ አልነበረም የፈለግሁት። ልጆቹ እጃቸው እስኪደማ ለቅመዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ብርድ ነው» አሉ ጓድ ነጋሳ።

«እኔም የደረስኩበት እሱ ነው።»

ቲጃኒ ተፈታ። መፈታት ግን አልፈለገም። ወርቂቱ ቤት መሄዱ እስከ መስጊድ ተሰምቷል፤ ስሙ ካልታጠበ ከማረፊያ ቤት አይወጣም። ጣቢያው ለምሳ ስንቅ እያመጣለት ሁለት ቀን ለመነው። በመጨረሻ ጓድ ነጋሳ በቀበሌው ሕዝብ ፊት ቆመው፣ ጓድ ቲጃኒ ስድስት ዓመት ሙሉ ከውጭ አገር ምንም ሳይጠብቅ በአገር ውስጥ ግብዓት የተቀመመ የፍሬን ዘይት ሲያመርት መኖሩን፣ ግብዓቱንም በጥንቃቄ እየመረጠ ሲገዛ መታየቱን፣ አንዲት ጠብታም ለግሉ አለማዋሉን አበሰሩ። ከሁሉ ጮክ ብላ ያጨበጨበችው ግብዓት አቅራቢዋ ወርቂቱ ነበረች። ሙአዚኑም መጥቶ የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ።

ፖምፓው ተፈታ። ጎሚኒዎቹ ቅቤ ጠጥተው አብጠው ተገኙ፤ ዓለምብርሃን አጋሮ ከሞተች መኪና ሌሎች አመጣ። ቧንቧዎቹ በዳግም አረቄ ታጠቡ፤ ቲጃኒ መጠኑን ማንም እንዳያይ ጀርባውን ሰጥቶ አዲሱን ዘይት ቀመመ። እማማ ባህሪያ ነገሩ እስኪበርድ ብላ ላሟን ለጎረቤት ሰጥታ ልጇ ጋ ደዶ ሄደች።

*

ታኅሣሥ ላይ ሁለተኛው ሰንደቅ የቀበሌያችን ሆነ። በመሸኛው ጠዋት ሕዝቡ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ተሰበሰበ። ኦፔሏ ታጥባ፣ ጥቁረቷ ፊት እያሳየ፣ ወደ አጋሮ አቅጣጫ ቆማለች። ገና ጎህ ሳይቀድ ወጣቶቹ «ወደ ፊት» የሚል ሰፊ ቀይ ወረቀት ግንባሯ ላይ በሙጫ ለጥፈዋል። ሙጫው አልይዝ ብሎ አስቸግሯቸው ነበር፤ ብርዱ ነው ተባብለው ደጋግመው ተጭነውት ያዘ።

ጓድ ነጋሳ በአዲስ ቆብ ንግግር አደረጉ። ባለፈው ወር የደረሰው እንቅፋት በሳይንሳዊ ምርመራ ተፈትቷል፤ ምርመራውን ያካሄዱት ጓድ መቶ አለቃ አብተው በመካከላችን ይገኛሉ፤ ከእንግዲህ በቀበሌያችን ዕድል የሚጠብቅ፣ ቅቤ የሚቀባ የለም፤ በክንዳችን ብቻ እንተማመናለን። አብተው ራሱን ነቀነቀ። ዓለምብርሃን ነቀነቀ። ቲጃኒ ከመሪው ጀርባ ሆኖ ነቀነቀ።

ንግግሩ ረጅም ነበር። ፀሐይዋ ከዋርካው ላይ ወጣችና ኦፔሏ ግንባር ላይ አረፈች። ትንሽ ቆይቶ ቀዩ ወረቀት ከላይ በኩል ተላቀቀ። ማንም አልነካውም። ቀስ ብሎ፣ እንደሚያፍር ሰው፣ በኮፈኑ ላይ ተንሸራተተና መሬት ወደቀ።

ከሥሩ ቅቤ ነበር። አንድ ሰው የቀባው አልነበረም፤ በየተራ፣ በጨለማ፣ አንዱ የአንዱን ሳያይ ተቀብቷል። የእጆቹ ቅርጽ በብርዱ ረግቶ አንድ በአንድ ይለያል። አንዱ ሰፊ ነው፣ የቀለበት ምልክት አለው። አንዱ የጠመኔ ነጭ ተቀላቅሎበታል። አንዱ የሞተር ጥቁረት። አንዱ የወፍራም ሴት እጅ ነው፤ ከእሱ ላይ ቀጭን የአረቄ ሽታ ይመጣል። መጨረሻው ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በፍርሃት የተቀመጠ ይመስላል፤ ትንሿ ጣቱ ወደ ውጭ ታጥፋለች።

 ዶሮ ጮኸ። ከሕዝቡ ጀርባ፣ ከደዶ በመጀመሪያው አውቶቡስ የገባችው እማማ ባህሪያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ወጣች። አንገቷን ሰገግ አድርጋ ተመለከተችው።

«አሁን ቦታውን አገኛችሁት» አለች።

ጓድ ነጋሳ ግራ እጃቸውን ጨብጠው መፈክር አሰሙ። ሕዝቡም ግራ እጁን አነሳ። ቀኝ እጆች ግን በዓለምብርሃን ጋዋን ኪስ ውስጥ፣ በወርቂቱ ነጠላ ሥር፣ ከጓድ ነጋሳ ወገብ ጀርባ ነበሩ።

ቲጃኒ ፍሬን ረግጦ ለቀቀ። ኦፔሏ እንደ ለሰለሰች ተንቀሳቀሰች፤ ቅቤው በፀሐይ እየቀለጠ ከግንባሯ ወደ ጉንጮቿ ወረደ። ተሸላሚ ሲሸኝ የፖሊስ መኮንን ሰላምታ መስጠት ደንብ ነው። መቶ አለቃ አብተው ትንሽ አመነታ። ከዚያ ተረከዙን አጋጭቶ ቀኝ እጁን ወደ ግንባሩ አነሳ። ትንሿ ጣቱ፣ ፀሐይ ላይ እያብረቀረቀች፣ ወደ አጋሮ አየች።